ሽልማቱ ለማን ይገባል? የቼዝ እንቆቅልሽ ዳኝነት ከ1854 እስከ ዛሬ

ሁለት ሰዎች ቼዝ ሲገጥሙ አሸናፊውን ለመለየት የሚቸገር የለም። አንደኛው ንጉሥ ተይዞ መሄጃ ሲያጣ ጨዋታው አለቀ፤ ያሸነፈውም የተሸነፈውም ከሰሌዳው ላይ ይነበባል። የቼዝ እንቆቅልሽ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ጠጠሮቹን በራሱ ሐሳብ ይደረድርና «ነጭ ይጀምራል፤ በሦስት እርምጃ ቼክሜት ያደርጋል» ብሎ ለዓለም ይለቃል። ተጋጣሚ የለውም፤ ሰዓት አይቆጠርበትም። እንዲህ ያሉ ሃምሳ እንቆቅልሾች ከልዩ ልዩ አገር ተልከው አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ፣ ሁሉም በትክክል የሚፈቱ ቢሆኑ፣ አንደኛው የትኛው ነው? «አንደኛ ነህ» የሚለውስ ማን ነው?

ይህ ጥያቄ የቼዝ ቀማሪዎችን ከ170 ዓመት ላላነሰ ጊዜ አከራክሯል። ክርክሩ የሚጠቅመው ለቼዝ ሰዎች ብቻ አይደለም። የግጥምም ይሁን የሥዕል፣ የዜማም ይሁን የሕንፃ ንድፍ፣ ውበትን ከውበት ማበላለጥ ያለበት ዳኛ ሁሉ ያው ችግር ከፊቱ ተደቅኗል። ቀማሪዎቹ ከዚህ ችግር ጋር ሲታገሉ አንድ ትልቅ ነገር ተምረዋል ብዬ አምናለሁ፦ ሽልማት የሚከበረው ዳኛው ራሱ በሕግ ሲታሰርና ለምን እንደፈረደ በአደባባይ ሲያስረዳ ነው። ታሪኩን ከሥሩ እንመልከት። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከውርርድ ወደ ሽልማት

የቼዝ እንቆቅልሽ ከሽልማት በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል። በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በባግዳድ ከሊፋዎች ዘመን፣ አል-አድሊና አስ-ሱሊ የተባሉ ሊቃውንት «መንሱባ» የሚባሉ የተቀመሩ አቋሞችን በመጽሐፍ አሰባስበው ነበር። የካስቲል ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ በ1283 ያስጻፈው የጨዋታዎች መጽሐፍ 103 የቼዝ እንቆቅልሾችን ይዟል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ደግሞ እንቆቅልሹ ብዙ ጊዜ መወራረጃ ነበር። ባለቤቱ ጠጠሮቹን ይደረድራል፤ ተመልካቹ መልሱ የቀለለ መስሎት ገንዘቡን ያስይዛል፤ ወጥመዱን የሚያየው ከተበላ በኋላ ነው። የእንቆቅልሹ ዋጋ የሚለካው ባታለለው ሰው ብዛት ነበር ማለት ይቻላል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጋዜጦችና መጽሔቶች የቼዝ አምድ ከፈቱ፤ እንቆቅልሹም ከመሸታ ቤት ጠረጴዛ ወደ ኅትመት ተሻገረ። በፌብሩዋሪ 1845 ሃዋርድ ስታውንተን ያዘጋጀው በነበረው «ቼስ ፕሌየርስ ክሮኒክል» መጽሔት ላይ ከህንድ የተላከ አንድ እንቆቅልሽ ወጣ። ደራሲው እዚያ ያገለግል የነበረ ሄንሪ ኦገስተስ ላቭዴይ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ነው። ነጭ ቢሾፑን ወደ ኋላ ይስባል፤ ከዚያ የቢሾፑን መስመር በራሱ ሩክ ይዘጋዋል። የዘጋው ጥቁሩ ንጉሥ አንዲት እርምጃ መተንፈሻ እንዲያገኝ ነው። ንጉሡ ሲንቀሳቀስ ሩኩ ከመስመሩ ይነሣል፤ ቢሾፑም ከሩቅ ቼክሜት ያደርጋል። የራስን መስመር በራስ ጠጠር መዝጋት ለድል መንገድ ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ አንባቢ ጥቂት ነበር። «የህንዱ እንቆቅልሽ» ተብሎ የሚታወቀው ይህ ሥራ ለቀማሪዎች አዲስ ነገር አስተማራቸው፤ ቼክሜቱ ውጤት ነው፣ የሚደነቀው ወደዚያ ያደረሰው ሐሳብ ነው።

ሐሳብ ዋጋ ካገኘ ማወዳደርም ይቻላል። በ1854 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው የእንቆቅልሽ ቅመራ ውድድር ተካሄደ፤ አሸናፊው የዊትቢ ከተማ ሰው ዋልተር ግሪምሾ ነበር። የጥቁር ሩክና ቢሾፕ በአንድ ካሬ ላይ እርስ በርስ መስመር የሚዘጋጉበት ሐሳብ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ብሪስቶል፣ 1861

ሽልማት ምን ማድረግ እንደሚችል በግልጽ ያሳየው ግን በ1861 በብሪስቶል የተደረገው ውድድር ነው። አንደኛ የወጣው የፍራንክ ሂሊ ባለ ሦስት እርምጃ እንቆቅልሽ ነው። ቁልፉ እርምጃ ዲ1 ላይ ያለው ነጭ ሩክ እስከ መጨረሻው ጥግ፣ እስከ ኤች1 ድረስ መሄዱ ነው። ፈቺው ያንን ሩክ ቢከታተለው አንዳች ነገር አያገኝም። ሩኩ እዚያ ጥግ ቆሞ ይቀራል፤ ቼክ አይልም፣ አይበላም፣ አይመለስም። የሄደው መንገዱን ለንግሥቲቱ ለመልቀቅ ብቻ ነው። በሁለተኛው እርምጃ ንግሥቲቱ ወደ ቢ1 ትመጣለች፤ በሦስተኛው ሩኩ በጠረገላት መስመር ተንሸራታ ጂ1 ላይ ቼክሜት ታደርጋለች።

እስቲ ይህን በዳኛ ዓይን እንየው። ሩኩ ወደ አንድ ባዶ ካሬ ሄደ። ኃይል አላሳየም። ተራ ፈቺ እንዲህ ያለውን እርምጃ ለማየት እንኳ አይሞክርም። የዳኛው ብቃት የተፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ ከደማቅ መሥዋዕትነትና ከጩኸት ይልቅ ለጸጥተኛው ሐሳብ ቅድሚያ መስጠት ነበረበት። ሰጠም። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠጠር ለሌላው መንገድ ጠርጎ በዚያው መስመር የሚቀጥልበት ሐሳብ በመላው ዓለም «ብሪስቶል» ይባላል። የውድድሩ ከተማ ስም የጥበብ ቃል ሆኖ ቀረ። ትክክለኛ ፍርድ ከአንድ ሰው ደስታ አልፎ ለተከታዩ ትውልድ መንገድ እንደሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ሚዛኑ እንዴት ተበጀ

ሽልማት ሲበዛ ቅሬታም በዛ። ዳኛው ወዳጁን ሸለመ፤ ታዋቂው በስሙ ብቻ አሸነፈ፤ የተሸለመው እንቆቅልሽ ሁለት መፍትሔ አለው፤ ሐሳቡ ከሌላ ሰው የተወሰደ ነው። እነዚህ አራት ቅሬታዎች የቼዝ እንቆቅልሽ ዳኝነት ሕግ እናቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ ቅሬታ አንድ ሥርዓት ወልዷል።

የመጀመሪያው ሥርዓት ስምን መሸፈን ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ውድድሮች ቀማሪው ሥራውን የሚልከው ከአንድ መሪ ቃል ጋር ነበር። ስሙ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ሆኖ በውጪው በኩል ያው መሪ ቃል ይጻፍበታል፤ ፖስታው የሚከፈተው ፍርዱ ካለቀ በኋላ ነው። በኋለኛው ዘመን የውድድሩ አስተባባሪ ሥራዎቹን ሁሉ በአንድ ዓይነት ወረቀት ገልብጦ፣ ስም አውጥቶ፣ ለዳኛው ማስተላለፍ ጀመረ። ዳኛው የሚያየው ሰሌዳውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሥርዓት ፍተሻ ነው። እንቆቅልሹ አንድ መፍትሔ ብቻ ሊኖረው ይገባል። ቀማሪው ያላሰበው ሌላ የመጀመሪያ እርምጃ ከተገኘ ሥራው ፈረሰ፤ ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢያምር ሽልማት የለውም። ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን ይህን ሸክም የተሸከሙት ፈቺዎች ናቸው። መጽሔቶቹ እንቆቅልሹን ያትማሉ፤ አንባቢዎች ከየከተማው መልስ ይልካሉ፤ ስውር ቀዳዳ ላገኘ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጠዋል። በፖስታ የሚገናኙ፣ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች የዳኛው ረዳቶች ነበሩ።

ሦስተኛው ሥርዓት ጊዜ መስጠት ነው። ዳኛው ውሳኔውን አሳተመ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ውጤቱ መጀመሪያ በጊዜያዊነት ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ወር ለተቃውሞ ክፍት ሆኖ ይቆያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማንም ሰው «ይህ ፈርሷል» ወይም «ይህን ሐሳብ እገሌ ከሠላሳ ዓመት በፊት አሳትሞታል» ብሎ ማስረጃ ማቅረብ ይችላል። «ዳኛ ሲገኝ ተናገር» ይላል የአገራችን ሰው፤ እዚህ የመናገሪያው ጊዜ በሕግ ተቆርጦ የተሰጠ ነው። ጊዜው ሲያልፍ ፍርዱ ይጸናል።

አራተኛው ሥርዓት ምክንያት መጻፍ ነው። ዳኛው ሽልማት፣ የክብር ምስጋናና አድናቆት ብሎ በሦስት እርከን ሲመድብ፣ ለእያንዳንዱ ዋና ሥራ ለምን እዚያ እንዳስቀመጠው ይጽፋል። ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። ምክንያቱን የጻፈ ዳኛ ራሱን ለፍርድ አቅርቧልና።

ነጥብና ጣዕም

በእነዚህ ሥርዓቶች ሁሉም ነገር አልተፈታም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንዳንድ ውድድሮች ለክብደት፣ ለአዲስነት፣ ለውበት፣ ለቁጠባና ለልዩ ልዩ መስመሮች ብዛት ለየብቻ ነጥብ እየሰጡ መደመርን ሞከሩ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም ላይ መካከለኛ የሆነ ሥራ አንድ ታላቅ ሐሳብ ብቻ የያዘውን ሊበልጥ ቻለ። ድምር ለጠንቃቃ ሥራ ያደላል።

ጣዕምም እንደየአገሩ ይለያያል። የቦሔሚያ ቀማሪዎች ንጹሕ ቼክሜትን ያፈቅሩ ነበር፤ በንጉሡ ዙሪያ ያለው እያንዳንዱ ካሬ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጠበቅ፣ ከነጭ ጠጠሮችም ያለ ሥራ የቆመ እንዳይኖር ይሻሉ። በሌላ በኩል ጀርመኖቹ ዮሐንስ ኮትስና ካርል ኮከልኮርን በ1903 ስለ ህንዱ እንቆቅልሽ ባሳተሙት መጽሐፍ የሚመዘነው የመጨረሻው ሥዕል ሳይሆን ወደዚያ የሚወስደው ጥልቅ ሐሳብ ነው ብለው ተከራከሩ። አንዱን እንቆቅልሽ ለሁለቱ ወገኖች ብትሰጡ ሁለት የተለያየ ፍርድ ታገኛላችሁ። ሁለቱም እውነተኛ ዳኞች ናቸው። ተወዳዳሪው ማወቅ ያለበት ዳኛው በየትኛው ሚዛን እንደሚመዝን አስቀድሞ ነው፤ የዳኛው ስም ከውድድሩ ጥሪ ጋር አብሮ መታወጁም ለዚህ ይጠቅማል።

በዚያው በ1903 አሜሪካዊው ሳም ሎይድ በ«ቼክሜት» መጽሔት የአዲስ ሐሳብ ውድድር አንደኛ ወጣ። በእንቆቅልሹ ውስጥ ነጩ ንጉሥ ምንም ስጋት በሌለበት ቦታ ተቀምጧል። መፍትሔው ይህ ንጉሥ ደኅንነቱን ጥሎ ወደ ኢ2 መውጣቱ ነው። ጥቁር ከየአቅጣጫው ቼክ ሊለው ይችላል፤ ወታደሩን አዲስ ንግሥት አድርጎ እስከ ማንገሥ ይደርሳል። ንጉሡ ግን ወደ ፊት ይገሰግሳል፤ በሦስተኛው እርምጃም ጥቁር ያልቃል። ክብደቱን፣ ቁጠባውን፣ ንጽሕናውን ለየብቻ ብትመዝኑት ከዚህ የሚሻሉ ብዙ ሥራዎች ታገኛላችሁ። ድፍረቱን ግን የሚመዝን ሠንጠረዥ የለም። ለዚህ ነው ዳኛ ሰው መሆን ያለበት።

እዚህ ላይ የራሳችን ታሪክ የሚናገረው አለ። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ስለ ሰንጠረዥ፣ ስለ ጥንታዊው የኢትዮጵያ ቼዝ፣ ታሪክና ሕግ ሰፊ ጽሑፍ አሳትሟል። በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ቤት ይጫወቱት በነበረው በዚህ ጨዋታ ማሸነፍ ብቻውን በቂ አልነበረም፤ በምን እንዳሸነፉ ይታያል። እንደ ሩክና ፈረስ ባሉ ብርቱ ጠጠሮች ንጉሥን መያዝ ያን ያህል አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ፣ ፊል በተባለው ጠጠርና በወታደር መያዝ ግን ታላቅ ክብር ነበረው። ሳም ሎይድ በ1861 ያሳተመውን «ኤክሴልሲዮር» የተባለ እንቆቅልሽ ብናስታውስ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። አንድ ወዳጁ የትኛው ጠጠር ቼክሜት እንደሚያደርግ ሁልጊዜ መለየት እችላለሁ ብሎ ይወራረዳል። ሎይድ «ቼክሜት የማያደርገውን አሳየኝ» ሲለው ቢ2 ላይ ያለውን ወታደር ያሳየዋል። ያ ወታደር በአምስት እርምጃ ኤ8 ደርሶ ራሱ ቼክሜት ያደርጋል። የጎንደር መኳንንት ያንን ቢያዩ ማን ሽልማት እንደሚገባው ለመናገር አስረጂ ባላስፈለጋቸው።

ፊላደልፊያ፣ ባብሰንና ካዛን

20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ውድድርን የዘወትር ሥራ አደረገው። ከ1913 እስከ 1924 በፊላደልፊያ የቆየው «ጉድ ኮምፓንየንስ» የተባለ የእንቆቅልሽ ክበብ በየወሩ ውድድር ያደርግ ነበር፤ አባላቱ ከልዩ ልዩ አገር ናቸው። በማርች 1917 አንደኛ የወጣው የእንግሊዛዊው ኮሚንስ ማንስፊልድ ባለ ሁለት እርምጃ እንቆቅልሽ ዛሬም በመማሪያ መጻሕፍት ይገኛል። ማንስፊልድ ያኔ ገና ሃያዎቹን የጀመረ ወጣት ነበር። በ1972 ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን፣ ፊዴ፣ ለቅመራ የታላቅ ጌታ ማዕረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከአራቱ ተቀባዮች አንዱ እሱ ሆነ። ሌሎቹ ካስፓርያን፣ ሎሺንስኪና ቪሰርማን ናቸው። የፊላደልፊያው ፍርድ ከ55 ዓመት በኋላ ጸና ማለት ነው።

በዚሁ ዘመን አሜሪካዊው አላን ሲ. ኋይት እጅግ ብዙ እንቆቅልሾችን በሐሳባቸው ዓይነት ለይቶ ሰበሰበ፤ ከ1905 እስከ 1936 ድረስም የገና ስጦታ አድርጎ የሚልካቸውን ተከታታይ መጻሕፍት አሳተመ። ለዳኝነት ትልቁ ጥቅም ስብስቡ ነው። «ይህ ሐሳብ ከዚህ በፊት ተሠርቷል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የዳኛው ማስታወስ ብቻ መልስ መሆኑ ቀረ።

ውድድር ያልተሠራ ነገር እንዲሠራም ይጋብዛል። ጆሴፍ ባብሰን የተባለ አሜሪካዊ አንድ ፈተና አቀረበ፦ የጥቁር ወታደር መጨረሻ ደርሶ ንግሥት፣ ሩክ፣ ቢሾፕ ወይም ፈረስ ሲሆን፣ ነጭ በእያንዳንዱ ጊዜ ያንኑ ዓይነት ጠጠር ብቻ በማንገሥ እንዲመልስ። በ1925–26 በስሙ በተደረገው ውድድር ሄንሪ ዋልድ ቤትማን አንደኛ ወጣ፤ የሠራው ግን ነጭ ጥቁርን አስገድዶ በራሱ ላይ ቼክሜት በሚያስደርግበት ዓይነት ነበር። በቀጥተኛው ዓይነት፣ ነጭ ራሱ ቼክሜት በሚያደርግበት፣ ፈተናው የማይቻል መሰለ። ፈረንሳዊው ፒየር ድሩማር ከሃያ ዓመት ያላነሰ ከለፋበት በኋላ በ1982 ተስፋ ቆረጠ። በቀጣዩ ዓመት፣ በማርች 1983፣ ሌዎኒድ ያሮሽ የተባለ የካዛን እግር ኳስ አሠልጣኝ በሶቪየት ኅብረት የቼዝ መጽሔት ላይ ሠርቶ አሳየ። ዓለም የማያውቀው ሰው ነበር። ስም ሳይታይ የሚፈረድበት ሥርዓት ለምን እንደሚያስፈልግ ያሮሽ ሕያው ምስክር ነው።

ሕጉ ሲጻፍ፣ ኮምፒውተሩ ሲመጣ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተበታተነው ልማድ ወደ አንድ ሕግ ተሰበሰበ። በ1956 በፊዴ ሥር የቼዝ ቅመራ ቋሚ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ለዳኞችም ዓለም አቀፍ ማዕረግ መስጠት ተጀመረ። በ1958 በዩጎዝላቪያ ፒራን ከተማ «ኮዴክስ» የተባለው የመጀመሪያው የቅመራ ሕግ ጸደቀ። ቀጥሎም ምርጥ ሥራዎችን በየዘመኑ የሚሰበስበው የፊዴ አልበም መጣ። በአልበሙ ለእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ዳኞች ይመደባሉ፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4፣ በግማሽ ነጥብ ልዩነት፣ ይሰጣል። በደንቡ መሠረት አንድ ሥራ ለመግባት ከ12ቱ 8 ማግኘት አለበት። ማዕረግም የሚገኘው ከዚሁ ነው፤ ታላቅ ጌታ ለመባል 70 የአልበም ነጥብ ማከማቸት ያስፈልጋል። የአንድ ዳኛ ጣዕም በሌሎቹ ሁለት ይመዛዘናል፤ የድምርም የጣዕምም ጥቅም አንድ ላይ ተያዘ።

ከዚያ ማሽኑ መጣ፤ ያለፈውን ሁሉ እንደገና ፈረደበት። የቼዝ ጸሐፊዎቹ ክሊንግና ሆርዊትዝ በ1851 ሁለት ቢሾፕ ያለው ወገን አንድ ፈረስ ያለውን ማሸነፍ የማይችልበት ምሽግ እንዳለ ጽፈው ነበር። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ይህ እንደ እውነት ተወስዶ እንቆቅልሾች ተቀመሩበት። በ1983 የኮምፒውተር ሊቁ ኬን ቶምፕሰን በማሽን ሲያሰላው ምሽጉ እንደሚሰበርና ድሉ እስከ 66 እርምጃ ሊወስድ እንደሚችል ታወቀ። በዚያ እምነት ላይ የቆሙ ሥራዎች ወደቁ። ዛሬ አንድን ባለ ሦስት እርምጃ እንቆቅልሽ ለመፈተሽ የሰው ድካም አያስፈልግም፤ የሆላንዱ ሃሮልድ ቫን ደር ሃይደን የሰበሰበው የመጨረሻ ጨዋታ ጥናቶች መዝገብም ከ90 ሺህ በላይ ሥራዎችን ስለያዘ ቀድሞ የተሠራውን መለየት ቀሏል።

ማሽኑ ትክክል ወይም ስሕተት ይላል። የሂሊ ሩክ ወደ ጥግ መሄዱ ለምን እንደሚያስደስት ግን አይነግረንም። ከአራቱ ሥርዓቶች ፍተሻውን ኮምፒውተሩ ወሰደው፤ ስምን መሸፈኑ፣ ለተቃውሞ ጊዜ መስጠቱና ምክንያት መጻፉ አሁንም የሰው ኃላፊነት ናቸው። ከእነዚህም አንዱ እንኳ ሲጓደል ዋንጫው ይቀራል፣ ክብሩ ይሄዳል።

በአገራችን የግጥም፣ የልብ ወለድ፣ የሥዕልና የዜማ ሽልማት የምታዘጋጁ ወገኖች ከዚህ የምትወስዱት ብዙ ነው ብዬ አምናለሁ። የተወዳዳሪውን ስም ከዳኛው ሸፍኑ። የዳኞቹን ማንነትና መመዘኛውን ገና በጥሪው ላይ አስታውቁ። ውጤቱን መጀመሪያ በጊዜያዊነት አውጥታችሁ ለተቃውሞ ጊዜ ስጡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዳኞቻችሁ ምክንያታቸውን ጽፈው በስማቸው ያሳትሙ። የተሸለመው ያኔ ሽልማቱን በሙሉ ልቡ ይቀበላል፤ ያልተሸለመውም ምን እንደጎደለው አውቆ ለሚቀጥለው ውድድር ይዘጋጃል።